ትከሻማው ነጭ ዓሣ

ያ ዓሣ ቆሮሶ አይደለም። የባሕር ዓሣ ነው፤ ከምጽዋ የመጣ። ከንፈሩን በወረንጦ ይዞ የሳበ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ግን ማንም አልሳበውም። ሰፋ ብሎ ጠፍጠፍ ያለ ዓሣ ሲያዩ የሚያውቁት የጣናን ቆሮሶ ብቻ ስለሆነ፣ «ቆሮሶ» የሚል በማሽን የታተመ ወረቀት ጠርሙሱ ላይ ለጠፉበት።

ትብለጥ እባላለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የዓሣ ጥናት ጣቢያ የናሙና ክፍል ሠራተኛ ነበርሁ። የጣቢያውን ስም አልጠራም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጡረታ ከወጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የጣቢያው ጀልባ ነጂ የነበረው ባሌ አለልኝ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። ልጆቼ «የሥራ ዘመንሽን ጻፊው፣ ሐዘኑም ቀለል ይልሻል» እያሉ ሲወተውቱኝ ከርመዋል። ሐዘን በመጻፍ ይቀልል እንደሆነ አላውቅም። ብዕር ያነሣሁት ተናድጄ ነው። እጄ ቶሎ ስለሚደክም ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ንዴቱ ግን አልደከመም።

ነገሩ የተጀመረው ሐያት ስልክ የደወለችልኝ ቀን ነው። ሐያት የወረታ ነጋዴዎች ልጅ ናት፤ የጣቢያው ንብረት ክፍል ውስጥ ትሠራለች፤ ብዙ ዓመት ምሳችንን አብረን በልተናል።

«ትብልዬ፣ ወላሂ እንዳትናደጂ ብዬ ልደብቅሽ ነበር» አለችኝ። «ያንቺን ክፍል እያደሱት ነው። ጠርሙሶቹን እየከፈቱ ውስጥ ያለውን ወረቀት ያወጣሉ።»

«ወረቀቱን? ለምን?»

«ያስጠላል አሉ። እንግዳ ሊመጣ ነው፤ የወየበ ወረቀት ዓሣው ላይ ተለጥፎ ሲታይ አያምርም አሉ። ከውጭ አዲስ ተለጣፊ ይደረግለታል።»

«ያወጧቸውን ወረቀቶች የት አደረጓቸው?»

«ልጆቹ እንዴት ናቸው?» ብላ ወሬ ልትቀይር ሞከረች።

«ሐያት! የት አደረጓቸው?»

«ኧረ አትጩኺብኝ! ሊጥሏቸው ሲሉ በፌስታል አድርጌ ወሰድኋቸው። የመንግሥት ንብረት እንዴት ይጣላል ብዬ። ግን ተደባልቀዋል፤ የትኛው ከየትኛው እንደወጣ አላህ ነው የሚያውቀው።»

ስልኩን ዘግቼ ፋሲሎ ሰፈር ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀመጥሁ። ከእነዚያ ወረቀቶች አንዱ አለልኝ በእጁ የጻፈው ነው። አለልኝ ሌላ የጻፈው ነገር የለም። ደብዳቤ አልጻፈልኝም፤ ፊርማ እንኳ በጣቱ ነበር የሚፈርመው፤ «መፈረም እችላለሁ፣ ግን ጣቴ ፈጣን ነው» ይል ነበር። ይህ ብቻ ግን አይደለም። ያ ወረቀት እኔ ክጄ የፈረምሁበትን ነገር ይዟል። ለምን እንዳቃጠለኝ እንዲገባችሁ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሥራ የገባሁት በደርግ ጊዜ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስሁ ነው። የመጀመሪያ ምድቤ የባሕር ዳር ዓሣ ማራገፊያ ነበር። ደመወዙ ትንሽ፣ ቅጹ ብዙ ነበር፤ ስለ ሁለቱም ይኸው ይበቃል። ጀልባ ሲደርስ ዓሣውን መቁጠር ነበር ሥራዬ። ቅጹ ላይ ሦስት ዓምድ ነበረ፤ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ። ለመንግሥት ጣና ውስጥ ያለው ሦስት ዓሣ ነበር። አጥማጆቹ ነጭ ዓሣ በሚለው ዓምድ ሲስቁብኝ አያለሁ፤ ለምን እንደሚስቁ ግን አልጠየቅኋቸውም።

ኋላ ወደ ናሙና ክፍል አዛወሩኝ። ጋሼ ወልዱን ያገኘሁት እዚያ ነው። እጅግ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ነጭ ካፖርታቸውን በየቀኑ ራሳቸው የሚያጥቡ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ ዓሣ ሲለዩ ኖረዋል። ወደ ባሕር ዳር ሲመደቡ ሻንጣቸውን መኪናው ጣሪያ ላይ አስጭነው፣ ሁለት ጠርሙስ ግን ጉልበታቸው ላይ አቅፈው ነው የመጡት። በየጠርሙሱ አንድ አንድ የባሕር ዓሣ አለ። ከጎን ሲያዩት ሰሃን ያህላል፤ ከፊት ሲያዩት ከመጽሐፍ አይወፍርም፤ የደረቱ ክንፍ እንደ ማጭድ ረጅምና ቀጭን ነው።

በመጀመሪያው ቀን አንዱን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አጋደሙልኝ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቆሮሶ ይመስላል» አልሁ።

«ሰው ሁሉ የሚለው እንደሱ ነው። በይ እስቲ ከንፈሩን ያዢና ሳቢው።»

በወረንጦ ይዤ ሳብሁት። አፉ እንደ ቱቦ ተመዘዘ፤ ያውም ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ታች። ደንግጬ ለቀቅሁት። ጋሼ ወልዱ ሳቁ፤ ሲስቁ ያየኋቸው ጥቂት ጊዜ ነው።

«አሁን ሂጂና ይህን አፍ ቆሮሶ ላይ ፈልገሽ አምጪልኝ» አሉኝ።

የዚህ ዓሣ ወገን በዓለም ላይ ሦስት ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። ድሮ የለዩት ሰዎች ሰፊነቱን ብቻ አይተው ከሌሎች ሰፋፊ የባሕር ዓሦች ጋር ደምረውት ነበር። በኋላ አፉንና አጥንቱን ደህና አድርገው ያዩት ግን ከእነዚያ ለይተው ለብቻው ቤተሰብ አደረጉት፤ ሦስት አባል ያለው ትንሽ ቤተሰብ። «ቁመቱ ስለገጠመ ብቻ ዘመዱ ነው ብለውት ኖረዋል» አሉ ጋሼ ወልዱ፤ በራሳቸው ላይ የደረሰ በደል ይመስል ፊታቸው ተከፋ።

ከሁለቱ ዓሦቻቸው አንዱ በሕይወቱ ሳለ ጎኑ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ነበረው። ሌላው ከጀርባው ወደ ሆዱ የወረደ ጥላ የመሰለ መስመር ነበረው። እኔ ሳያቸው ግን ነጠብጣቡም መስመሩም የለም፤ አልኮሉ አጥቧቸው ሁለቱም የሻይ ቀለም ሆነዋል።

«ታዲያ አሁን የቱ የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔም አላውቅም» አሉ። «ወረቀቱ ነው የሚያውቀው።»

የናሙና ወረቀት በእርሳስ ነው የሚጻፈው። የብዕር ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል፤ እርሳስ ባለበት ይኖራል። ወረቀቱ ደግሞ ከውጭ አይለጠፍም፤ ከዓሣው ጋር አብሮ ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል። ከውጭ የተለጠፈ ይላጣል፤ ክዳን ከክዳን ይቀያየራል፤ መደርደሪያ ይዛወራል። ውስጥ የገባው ወረቀት ግን ዓሣው ባለበት ሁሉ አለ። ላዩ ላይ የተያዘበት ቦታ፣ ያጠመደው ሰው ስም፣ የመረቡ ዓይነት፣ ቀኑ፣ ከሁሉም በላይ ዓሣው ገና ሳይደርቅ የነበረው መልክ ይጻፋል። መልኩ በሰዓታት ውስጥ ስለሚሄድ ጋሼ ወልዱ ጀልባው ላይ ቆመው እርጥቡን ዓሣ እያዩ ነበር የሚጽፉት።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ዓሣ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ማንም ስሙን እንዲጠራ አይፈቅዱም። «ስሙን ቀድመሽ ከጠራሽው ዓይንሽ የሚያየው ስሙን ነው» ይላሉ። መጀመሪያ ይቆጠራል። ከመተንፈሻ ስንጥቡ እስከ ጭራው በጎኑ መሐል የሚሄደውን የቅርፊት መስመር አንድ ጊዜ ከራሱ፣ አንድ ጊዜ ከጭራው ጀምረው በመርፌ ጫፍ ይቆጥራሉ። ሁለቱ ቁጥሮች ካልገጠሙ በዚያ ቀን አይደግሙትም፤ ዓሣውን ሸፍነው ነገ ይላሉ። ዛሬ ቢደግሙት እጃቸው ወደሚፈልጉት ቁጥር እንደሚሄድ ያውቃሉ። በነጭ ዓሣ ላይ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን አስተማሩኝ። ነጭ ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ከስንጥቡ ኋላ ቀስ ብሎ ቀዶ፣ ጥንዱን አጥንት አውጥቶ፣ ሥጋውን በፈላ ውሃ አላቅቆ፣ በለስላሳ ብሩሽ መፋቅ ነው። ጥርሱን ያየ ዓሣው ምን በልቶ እንደሚያድር ያውቃል።

ከዚያ ሁለት ክረምት ጣና ዳር ካለችው ቁንዝላ ተመደብሁ። አለልኝን ያገኘሁት እዚያ ነው። የአጥማጅ ልጅ ነበር፤ ጣቢያው ጀልባ እንዲነዳ ቀጥሮት ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ወሬው አጭር፣ ቀልዱ ግን የሰላ ነበር። ዓሣ የሚለይበት መንገድ ከእኛ ይለያል። መለኪያም መርፌም የለውም። ገና የወጣውን ዓሣ መሐል ወገቡን አንድ መዳፉ ላይ ያጋድምና ትንሽ ይጠብቃል። አንዳንዱ ራሱና ጭራው ወደ ታች ይዘነበላል፤ አንዳንዱ እንደ ጣውላ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ከዚያ በአውራ ጣቱ ከራሱ በስተኋላ ያለውን ጉብታ ጫን ያደርጋል።

«ምን ታደርጋለህ? እንደ ሕፃን ታቅፈዋለህ እንዴ?» አልሁት ቀልዴን።

«አንቺ በክር ትለኪያለሽ፣ እኔ በእጄ እጠይቀዋለሁ። ይኸውልሽ፣ ይህ ወንዘኛው ነው። ይህ ቀጥ ያለው ትከሻማው ነው።»

«ሁለቱም ነጭ ዓሣ ነው።»

«እኔና አንቺም ሁለታችንም ሰው ነን» አለ። «እኔ ግን ጢም አለኝ።»

ጀልባው ላይ የነበሩት አጥማጆች በሳቅ ፈረሱ። ዓምዴ ለምን ያስቃቸው እንደነበር ያን ዕለት ገባኝ።

ወንዘኛው ክረምት ገብቶ ውሃው ሲደፈርስ ወደ ግልገል አባይ ይወጣል፣ እንቁላሉን ጥሎ ይመለሳል አለኝ። ትከሻማው ግን ወንዝ አያውቅም። ውሎውም አዳሩም ድንጋያማው ዳርቻ ሥር ነው፤ የሚበላው ቀንድ አውጣ ነው፤ እንቁላሉንም የሚጥለው እዚያው ነው። አባቱም እንደዚያ ሲል ሰምቷል፤ እሱም በየክረምቱ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ሲጥል አንድ ትከሻማ ይዞ አያውቅም።

ስድስት ትከሻማና አምስት ወንዘኛ ለናሙና አወጣን። እጄ በቅርፊትና በልጋግ ስለተለወሰ የትከሻማዎቹን ወረቀት «አንተ ጻፍልኝ» አልሁት። የቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ነበር የሚጽፈው፤ እያንዳንዱ ፊደል እንደ ቤት አራት ማዕዘን ሆኖ ይቆማል። እርሳሱን በምላሱ እያራሰ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ቁንዝላ። ድንጋዩ ሥር። አለልኝ ያጠመደው። ጀርባው ወርቅ ይመስላል። ትከሻማ። ወንዝ አይወጣም።»

«የመጨረሻውን ሰርዘው» አልሁት። «የምንጽፈው ያየነውን ነው፤ ጋሼ ወልዱ የነገሩሽን አትጻፊ ይላሉ።»

«እኔ አይቻለሁ።»

«አለመውጣት እንዴት ይታያል?»

«ሃያ ክረምት ወንዙ አፍ ላይ ቆመሽ ስትጠብቂው ካልመጣ ይታያል» አለኝ።

አልሰረዘውም። ወረቀቱን አጥፎ ራሱ ጠርሙሱ ውስጥ ከተተው። በተከታዩ ዓመት ተጋባን።

እስካሁን የጻፍሁት ቀላሉን ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ለመጻፍ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ጋሼ ወልዱ ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ እኔም የናሙና ክፍሉ ኃላፊ ከሆንሁ በኋላ፣ ነጭ ዓሣ እያነሰ መጣ የሚል ስሞታ በዛ። በክረምት ወንዝ አፍ ላይ መረብ መጣል ይከልከል የሚል ሐሳብ ቀረበ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ጥያቄው ግን፣ ወንዝ የማይወጣ ነጭ ዓሣ ካለስ? የሚል ነበር። ካለ ድንጋያማው ዳርቻም አብሮ መከልከል አለበት፤ አለዚያ ከወንዝ አፍ የተነሣው መረብ ሁሉ የሚሄደው እዚያ ነው። ይህን ጥያቄ ያነሣው አለልኝ ነው። ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ሲናገር ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

ያን ጊዜ የነበሩት ኃላፊ አዳምጠው ሲጨርሱ ፈገግ አሉ።

«አለልኝ፣ አንተ ጀልባህን በደንብ ንዳልን» አሉት። «የጠገበና የራበው ዓሣ ሁለት ዓይነት ከሆነ፣ እኔም ከምሳ በፊትና ከምሳ በኋላ ሁለት ሰው ነኝ ማለት ነው።»

ቤቱ ሳቀ። አለልኝ ተቀመጠ። ኃላፊው ወደ እኔ ዞሩ።

«ወይዘሮ ትብለጥ፣ እርስዎ ባለሙያ ነዎት። እንግዲህ እንደ ሚስት ሳይሆን እንደ ባለሙያ ይንገሩን። አንድ ነው ሁለት?»

አውቅ ነበር። ከስብሰባው አስቀድሞ የሁለቱንም ጉሮሮ ከፍቼ፣ አጥንቱን አፍልቼ፣ ጥርሱን ፍቄ አይቻለሁ። የወንዘኛው ጥርስ ቀጭንና ጫፉ የተቆለመመ ነው። የትከሻማው ደልደል ብሎ ላዩ ጠፍጣፋ ነው፤ ቀንድ አውጣ የሚፈጭ ጥርስ። አንጀቱ ውስጥ የተሰባበረ የቀንድ አውጣ ቅርፊት አግኝቻለሁ። የአለልኝ አባት ያሉት ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።

ግን «እንደ ሚስት ሳይሆን» የሚለው ቃል አሰረኝ። ሁለት ነው ብል ለባሏ አዳላች ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ከማንም አጥማጅ የምቀበለውን ቃል ባሌ ስለሆነ ብቻ ከእሱ አልተቀበልሁም። «ለመለየት በቂ ማስረጃ የለም» አልሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ «አንድ ዓይነት ነው» ተብሎ ተጻፈ፤ ፈረምሁበት። አለልኝ ማዶ ተቀምጦ ስፈርም አየኝ።

እቤት ስንገባ ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም። እራት በላ፤ ልጆቹን አጫወተ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ዓሣ ወደ ጠረጴዛዬ ሲያመጣ ምን እንደሆነ መናገር አቆመ። ባልዲውን ያስቀምጥና «ይኸው» ይለኛል። «ይህ የቱ ነው?» ስለው «ባለሙያዋ አንቺ ነሽ» ይላል፤ ያለ ክፋት፣ ያለ ፈገግታ። ስለ ሌላው ነገር ሁሉ እንደ ድሮው ያወራኛል። ስለ ዓሣ ግን እስኪሞት ድረስ አንድ ቃል አልነገረኝም። የሚያውቀው ሁሉ አብሮት ተቀበረ።

ስብሰባው ባለፈ በሳምንቱ ጋሼ ወልዱ ቤት ሄድሁ። ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። «የነገሩሽን አትጻፊ፣ ያየሽውን ጻፊ ብለውኝ የለም?» አልኋቸው፤ ሊያጽናኑኝ ፈልጌ ነበር።

«ጉሮሮውን ከፍተሽ ነበር?» አሉኝ።

«ከፍቻለሁ።»

«ጥርሱን አየሽው?»

«አየሁት።»

መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ ጠረጉት። «እንግዲያው የእኔን ቃል ለምን ታነሺብኛለሽ?» አሉኝ። ስወጣም እስከ በሩ አልሸኙኝም፤ ከዚያ በፊት ሁልጊዜ ይሸኙኝ ነበር።

ክልከላው በወንዝ አፍ ብቻ ወጣ። መረቡ ሁሉ ተነሥቶ ድንጋዩ ሥር ሄደ። መጀመሪያ ላይ ማራገፊያው በትከሻማ ተሞላ፤ ያ ኃላፊ «ይኸው ዓሣው ተመለሰ» እያሉ እጃቸውን ያፋትጉ ነበር። ከዚያ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቴ አንድ ትከሻማ እንኳ በእጄ አልያዝሁም። ኃላፊው በእድገት ተዛውረው ሄዱ፤ የስንብት ግብዣቸው ላይ እኔም አጨብጭቤአለሁ።

አለልኝ የታመመ ጊዜ ቶሎ ከሳ። ልብሱን ሳለብሰው አንድ ቀን ትከሻውን በጣቱ ነካ አደረገና «እስቲ አሁን ለኪኝ፤ ከየትኛው ታደርጊኛለሽ?» አለኝ። ሳቅሁ፤ እሱም ሳቀ። ይቅር በለኝ ማለት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። «ዝም በል፣ ቁልፉን ልቆልፍልህ» አልሁት። በአሥረኛው ቀን ሞተ።

እንግዲህ ሐያት በደወለች ማግስት ጥቁሬን እንደለበስሁ ጣቢያው ሄድሁ። አሁን ያለው ኃላፊ ዳኛቸው ይባላል። ጨዋ ነው፤ ተነሥቶ ነው የተቀበለኝ።

«እማማ ትብለጥ! ምነው በሐዘንዎ ላይ ለምን ይደክማሉ?»

እማማ ሆንሁ። ሥራ ላይ ሳለሁ ወይዘሮ ትብለጥ ነበርሁ።

«ጠርሙሶቹን ለማየት ነው የመጣሁት፣ አቶ ዳኛቸው» አልሁት።

ክፍሉን ከፈተልኝ። ግድግዳው ነጭ ተቀብቷል፤ መብራቱ ደምቋል። በየጠርሙሱ ላይ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ጠርዝ ያለው ተለጣፊ አለ። ለእይታ እንዲያምርም፣ ቦታ እንዲቆጥብም ብለው «አንድ ዓይነት» የሆኑትን ከትንንሽ ጠርሙስ አውጥተው ትልልቅ ጠርሙስ ውስጥ አብረው ከተዋቸዋል። የጋሼ ወልዱ ሁለት የባሕር ዓሦች አንድ ጠርሙስ ውስጥ ፊት ለፊት ቆመው አገኘኋቸው። ከውጭ «ቆሮሶ» ይላል።

«አቶ ዳኛቸው፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ቆሮሶ ነው፣ እማማ። ተጽፏል እኮ።»

«ማን ነው የለየው?»

«ልጆቹ ናቸው፣ ከፎቶ ጋር አመሳክረው። አሁን ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል፤ አይጠፋም።»

«ጠፍቷል እንጂ! ከሁለቱ አንዱ ነጠብጣብ ያለው ነው፣ አንዱ መስመር ያለው። ያን የሚያውቀው ወረቀቱ ብቻ ነበር። አሁን ማን ሊነግርህ ነው? ኮምፒውተርህ?»

እርስዎ ማለቱን ረስቼ አንተ ብዬው ነበር። እሱም ገባው፤ ፊቱ ቀላ። ክዳኑን ከፍቼ ወረንጦ አነሣሁና የአንዱን ከንፈር ሳብሁት። አፉ ተመዘዘ። ዳኛቸው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ይህን አፍ ቆሮሶ ላይ ፈልገህ አምጣልኝ» አልሁት።

ከዚያ የነጭ ዓሣውን ጠርሙስ ፈለግሁ። የቁንዝላዎቹ አሥራ አንድ ዓሦች አንድ ላይ ተከተዋል፤ «ነጭ ዓሣ» ይላል። እዚህ ላይ ዳኛቸው ላይ ልጮህ ብዬ ተውሁት። አንድ ዓይነት ነው የሚለው ሰነድ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው። እነሱ የደባለቁት እኔ በፈረምሁት መሠረት ነው።

«ጠረጴዛ፣ ወረንጦና የፈላ ውሃ ስጡኝ» አልሁ።

«እማማ፣ ጡረታ የወጣ ሰው ናሙና እንዲነካ መመሪያው አይፈቅድም።»

«መመሪያውን ይዘህ ና፤ እስክትመጣ እኔ እሠራለሁ።»

ሐያት ካፖርቷን አውልቃ አለበሰችኝ፤ ፌስታሉንም ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጥን። የአለልኝን ፊደል ከሩቅ አወቅሁት። ሐያት አንሥታ አነበበችው፤ «ወንዝ አይወጣም» ስትል ድምጿ ተሰበረ። «እስቲ አታልቅሺ፣ ወረቀቱ ይበላሻል» አልኋት፤ እኔ ራሴ ዓይኔን በክርኔ እየጠረግሁ።

የመጀመሪያውን ዓሣ እንደ አለልኝ መዳፌ ላይ አጋደምሁት። ቀጥ አለ። ሁለተኛውም ቀጥ አለ። ሁሉም ቀጥ አሉ። ለካ አልኮል ውስጥ የኖረ ዓሣ ሁሉ ደርቆ ጣውላ ይሆናል። የእሱ መንገድ የሚሠራው በእርጥቡ ላይ ብቻ ነበር። በአውራ ጣቴ ጉብታውን ፈለግሁ፤ አንዳንዱ ላይ ይታወቃል፣ አንዳንዱ ላይ አይታወቅም። የቀረኝ የኔ መንገድ ነው። አይቼ የካድሁት ጥርስ።

ጠዋት ጀምሬ ከሰዓት በኋላ ነው የጨረስሁት። እጄ እንደ ድሮው አይቆርጥም። አንዱን አጥንት ሰበርሁት። ሁለቱ ጥርሳቸው የለም፤ ያን ጊዜ እኔው ለማየት ያወጣሁት ነው፤ የትኛው የቱ እንደነበር አልመዘገብሁም። ዘጠኙን ግን ለየሁ፤ አምስቱ ትከሻማ፣ አራቱ ወንዘኛ። ሁለቱን «አልታወቁም» ብዬ ለብቻ አስቀመጥሁ። ከጋሼ ወልዱ ዓሦችም ጋር ሁለቱን ወረቀታቸውን አብሬ ከትቼ፣ «የቱ የየትኛው እንደሆነ ጠፍቷል» ብዬ ጨመርሁበት። ይህን ስጽፍ እሳቸው ዛሬም እስከ በሩ የማይሸኙኝ ይመስለኛል።

የትከሻማዎቹን ጠርሙስ በመጨረሻ አዘጋጀሁ። የአለልኝን ወረቀት መልሼ ከተትሁ፤ ምንም አልሰረዝሁም። ከአጠገቡ ሌላ ወረቀት በእርሳስ ጻፍሁ፦ «ትከሻማው ነጭ ዓሣ። ከወንዘኛው የተለየ ነው። የጉሮሮ ጥርሱን አይቻለሁ። አንድ ነው ብዬ የፈረምሁት ሁለት መሆኑን እያወቅሁ ነው። የለየው አለልኝ ነው። ትብለጥ።»

ዳኛቸው ከበላዬ ቆሞ ያነብ ነበር።

«እማማ፣ ይህ እኮ የጣቢያውን ሰነድ ይቃረናል። ሰነዱ ላይ የእርስዎ ፊርማ አለ።»

«ስላለ ነው የጻፍሁት» አልሁት።

ወረቀቱን ከአምስቱ ዓሦች መሐል አገባሁት። ጫፉ ከአለልኝ ወረቀት ጋር ተያይዞ ታች ወረደ። ዳኛቸው አዲስ ተለጣፊ አነሣ።

«ከውጭስ ምን እንበለው?» አለኝ።

«የፈለግኸውን» አልሁት፤ ክዳኑንም አጥብቄ ዘጋሁ።